ጓይላ መሃል የቆመው ፍቅሬ

ካዛንቺስ ውስጥ ጓይላ የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው፣ ወይ ጆሮውን በጥጥ ደፍኗል። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ቃሉ እንደ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ወያላው «ጓይላ ክፈትበት!» ሲል ሾፌሩ የትግርኛ ካሴት ይከታል። እናት ልጆቿ ሲንጫጩባት «ኧረ ይሄን ጓይላችሁን አቁሙልኝ!» ትላለች። የመሥሪያ ቤት አለቃ ስብሰባው ሲታመስበት ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ «ይሄ ስብሰባ ነው ጓይላ?» ይላል። ጎረምሶቹ ደግሞ ቅዳሜ ሲደርስ «ዛሬ ጓይላው የት ነው?» ይባባላሉ። የእነሱ ጓይላ ቢራና ሙዚቃ ያለበት ቦታ ሁሉ ነው። ሁሉም ይጠራዋል፤ ምን እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም።

ፍቅሬም ከሰፈሩ ሰው የተለየ አልነበረም። ለእሱ ጓይላ ማለት ከቆርቆሮው አጥር ማዶ፣ ከአደይ ለተብርሃን ግቢ፣ በጥርና በሚያዝያ እሁዶች የሚፈልቅ የከበሮ ድምፅ ነው። አደይ ለተብርሃን የማርና የቅቤ ነጋዴ ናቸው። ወደ ሰፈሩ ከመጡ ገና ጥቂት ዓመታቸው ቢሆንም፣ ልጆቻቸው «አደይ» እያሉ ሲጠሯቸው የሰማ ጎረቤት ሁሉ «አደይ» ብሏቸው ቀርቷል። እናቴ ማለት ነው፤ ማን ይጠላል? ከበሮው ሲጀምር የፍቅሬ የውሃ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ይርገበገባል። እሱ መስኮቱን ከፈት አድርጎ አልጋው ላይ በጀርባው ይንጋለልና፣ ጣሪያውን እያየ፣ ተኛም ነቃም በማይባል ሁኔታ ድምፁ ላይ ተሳፍሮ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ እሱም አያውቅ። ብቻ ደስ ይላል።

ፍቅሬ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ሠላሳዎቹን አጋምሷል፤ ሚስት የለውም፤ ወላጆቹ በተዉለት ከጣሊያን ዘመን ቤቶች ተቆርሶ በተሠራ ሁለት ክፍል ውስጥ ብቻውን ይኖራል። አባቱ መምህር ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሳቅን እንኳ እየመጠኑ የሚያወጡ ሰው። በእሳቸው አፍ ጭፈራ ሁሉ «ዳንኪራ» ነው። «ዳንኪራ የሰው ቤት ያሞቃል፣ የራስን ያቀዘቅዛል» ይሉ ነበር። እናም ፍቅሬ በሰው ፊት ጨፍሮ አያውቅም። በሠርግ ላይ ወንበሩን ከግድግዳ አስጠግቶ፣ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ «አይ፣ እኔ ይቅርብኝ፣ በቃ እናንተ ተጫወቱ» የሚል ሰው ነው።

ግን ይህን ከቁም ሳጥኑ መስታወት በቀር የሚያውቅ የለም፤ ፍቅሬ ስክስታ ይችላል። ይችላል ማለት ያንሰዋል! በሩን ቆልፎ፣ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ፣ መስታወቱ ፊት ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ከወገቡ በታች ሐውልት፣ ከወገቡ በላይ ነፋስ የያዘው የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሆናል። ትከሻው ለብቻው ነፍስ ያለው ይመስላል። ሲጨርስ ላቡን ይጠርግና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ሸሚዙን ይተኩሳል።

የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ ሲታደስ ጉርድ ፎቶ አምጡ ተባለ። ፍቅሬ ከሥራ መልስ እዚያው ካዛንቺስ ካለ አንድ ፎቶ ቤት ገባ። መጋረጃውን ገልጣ የወጣችው ልጅ ሹሩባዋን ወደ ኋላ ሰብስባ ካሜራው ጀርባ ቆመች።

«ተቀመጥ። ቀና በል። ትከሻህን አትነቅንቅ።»

«አልነቀነቅሁም።»

«እየነቀነቅክ ነው እኮ!»

ሬዲዮኑ ነው ጉዱ። መደርደሪያው ላይ ያለው ሬዲዮን ዘፈን ጀምሯል፤ የፍቅሬ ትከሻም ጌታውን ሳያስፈቅድ ተቀብሎታል። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ፊቱ ጥርት ብሎ፣ ከአንገቱ በታች ግን ጭጋግ ሆኖ ታየ።

«ይሄንን አይቀበሉህም» አለች ልጅቷ፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እየያዘች። «ለደመና መታወቂያ አይሰጥም።» ከዚያ አተኩራ አየችው። «ቆይ፣ አንተ ከአጥራችን ማዶ ያለኸው አይደለህ? ጓይላ ሲሆን መስኮትህን የምትከፍተው?»

የምዘጋው ነኝ ሊላት ነበር። አፉ ግን እምቢ አለው። «እኔ ነኝ» አላት።

መርሃዊት ትባላለች፤ የአደይ ለተብርሃን ልጅ። ከዚያን ቀን ወዲህ ፍቅሬ ጉርድ ፎቶ ወዳጅ ሆነ። ለቀበሌ ነው፣ ለዕድር ነው፣ «ማለቴ፣ መጠባበቂያ ይኑረኝ ብዬ ነው» እያለ በየሳምንቱ ብቅ ይላል። እሷም እያወቀች እንዳላወቀች ታነሳዋለች። አንድ ቀን የወንድሟን የሃፍቶምን የሠርግ ጥሪ ወረቀት አቀበለችውና፣ «በጥር ነው። ከመስኮት እንዳታይ፣ በበር ና» አለችው። ፍቅሬ ከፎቶ ቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩ አስፋልት መርገጡን አላስታወሰም።

የሠርጉ እሁድ የአደይ ግቢ በድንኳን ተሸፍኖ ነበር። መሃል ላይ ሁለት ሰዎች ከበሮ አንግተዋል፤ አንደኛው፣ ጉድ በሉ፣ ፍቅሬ በየቀኑ መሥሪያ ቤት የሚያያቸው የሒሳብ ክፍሉ ጋሽ መብራህቱ ናቸው! እኒያ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ቀስ ብለው የሚያስነጥሱ ሰው ዛሬ ከበሮ አንግተው ይዘላሉ። በዙሪያቸው ሕዝቡ፣ ሽማግሌው፣ ሙሽራው፣ ልጅ ያዘለችው ሳትቀር፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ሆኖ ቀስ እያለ ይዞራል። መርሃዊት በፊቱ ስታልፍ በዓይኗ ጠራችው። የፍቅሬ ልብ ከበሮውን ቀደመው። ተነሣ፤ አንድ ክፍተት አየ፤ ገባ።

ገብቶም ቆመ።

ምን ያድርግ? መስታወቱ ፊት የሚያውቀው መቆም ነው። እግሩን ተከለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ትከሻውን ለቀቀው። ያ ትከሻ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ወርዶ አያውቅም! ግን ጓይላ ይሄዳል፤ ፍቅሬ አይሄድም። ከኋላው ያሉት አንድ ትልቅ ሰው ጀርባው ላይ ተለጠፉ፤ በእሳቸው ላይ ሌላው፣ በሌላው ላይ ሦስት እናቶች ከነነጠላቸው። ከፊቱ ያሉት ደግሞ ምኑንም ሳያውቁ ዞረው መጥተው ከጭራው ጋር ተጋጩ። ክቡ ተቆልፎ እንደ ተጨናነቀ መስቀለኛ መንገድ ሆነ። ፍቅሬ ግን ዓይኑን ጨፍኗል፤ ሕልሙ ውስጥ ነው።

«ማነው ይሄ መንገድ የዘጋብን?» የሚል ድምፅ ሰማ። አደይ ለተብርሃን ናቸው፤ በመዳፋቸው ወገቡን ገፋ ገፋ አደረጉት። «ኺድ! ሂድ እንጂ ልጄ፣ ሠርገኛ ገትረህ!»

ዓይኑን ሲገልጥ ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደርሷል። መርሃዊት ሆዷን ይዛ አጎንብሳለች። ምድር ብትከፈት ዘሎ ይገባ ነበር፤ አልከፈት ስላለችው በአጥሩ በር ወጥቶ ሄደ። ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ፣ መስኮቱንም ዘጋ። ማዶ ጓይላው ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ጉርድ ፎቶ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጠፋ። ሰፈሩ ግን አልረሳም፤ «የቆመው ልጅ» የሚል ስም ወጣለት። ሁዳዴ ገባ። ከበሮው ተሰቀለ፣ ግቢው ጭጭ አለ። ፍቅሬ እሁድ እሁድ አልጋው ላይ ተንጋሎ የሌለውን ድምፅ ያዳምጣል። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ጸጥ ብሏል። እንዲህ የሚያስፈራ ጸጥታ ነበር እንዴ በዓለም ላይ?

አንድ ቀን ኦሎምፒያ ታክሲ ሲጠብቅ መርሃዊት ከኋላው መጥታ ቆመች።

«ጠፋህ።»

«ምን ላድርግ... አዋረድኩሽ።»

«እኔን? እኔንማ አሳቅኸኝ እንጂ። እናቴም እስካሁን ትስቃለች።» ከዚያ ሳቁ ከፊቷ ወረደ። «ስማ ፍቅሬ። ከፋሲካ በኋላ የአክስቴ ልጅ የፍዮሪ ሠርግ እኛ ግቢ አለ። አክስቴ ከመቀሌ አንድ ሰው ታመጣለች። ሊያየኝ ነው። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው አሉ፤ ቤትም አለው። እናቴ ‹አንቺ ያሰብሽው ካለ ንገሪኝ› ብላኛለች። ምን ብዬ ልንገራት? ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ጎረቤት አለን ልበላት?»

«መርሃዊት፣ እኔ እኮ...»

«ሠርጉ ቀን ከመጣህና ከገባህ፣ እነግራታለሁ። ካልመጣህ አልለምንህም። እኔ በገዛ ሠርጌ ብቻዬን የምዞር ሴት አይደለሁም።»

ታክሲው መጣ፤ ገብታ ሄደች። ፍቅሬ ግን ሌሎች ታክሲዎች እያለፉት እዚያው ቆሞ ቀረ። መቆም መቼም ያውቅበታል።

በማግስቱ ሒሳብ ክፍል ገብቶ ጋሽ መብራህቱ ፊት ተገተረ።

«ጋሼ፣ ጓይላ ያስተምሩኝ።»

ጋሽ መብራህቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «በሁዳዴ? ከበሮ አስመትተህ ልታስገዝተኝ ነው?»

«ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነዋ! ታዲያ መቼ ልማር?»

ትንሽ አሰቡ። «ከበሮ አይሆንም። ዘፈንም አይሆንም። መራመድ ግን አይጾምም። ከሥራ በኋላ ሜክሲኮ እንሂድ።»

እናም ሄዱ። ሜክሲኮ አደባባይ ያን ጊዜ እንደ ትልቅ ምጣድ ክብ ነበር፤ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች፣ አውቶቡሶች፣ ጭነት ያዘሉ መኪናዎች እየተከታተሉ ይዞሩታል። ጋሽ መብራህቱ የእግረኛው መንገድ ላይ አቆሙት።

«እያቸው። ማን ቆሟል?»

«ማንም።»

«የቆመስ ምን ይሆናል?»

«ይሰደባል።»

«በቃ! የመጀመሪያው ትምህርት አለቀ።» ሳቁና መራመድ ጀመሩ። «ረገጥ፣ ጎተት። ረገጥ፣ ጎተት። ጉልበትህን ላላ አድርገው። እንዲህ።»

ሁለት ክራቫት ያሰሩ የመንግሥት ሠራተኞች አንዱ ካንዱ ኋላ ሆነው፣ ረገጥ ጎተት እያሉ አደባባዩን ዞሩ። መንገድ ሲሻገሩ ብቻ እንደ ሰው ይሄዳሉ። ሎተሪ አዟሪው በአጠገቡ ሲያልፉ በዓይኑ ሸኛቸው፤ ዞረው ተመልሰው ሲመጡ ግን አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ መንገድ ጠፍቷችሁ ነው? የት ልትሄዱ ነው?»

«የትም!» አሉ ጋሽ መብራህቱ፣ ሳይቆሙ።

በሁዳዴ ማምሻዎች ይህ ሆነ ሥራቸው። ፀሐይዋ ወደ ጦር ኃይሎች በኩል ስታዘነብል አቧራው ወርቅ ይመስላል፤ የታክሲ መስታወቶች እየተቀባበሉ ያበራሉ። ፍቅሬ ሲዞር ሲዞር አደባባዩ ቆሞ እሱ የሚሄድ፣ ደግሞ እሱ ቆሞ ከተማው የሚዞር እየመሰለው ልቡ ይንሳፈፋል። «ሜክሲኮ ሜክሲኮ!» የሚለው የወያላ ጩኸት እንኳ ከሩቅ የሚዘፈን ዘፈን መሰለው። አንድ ቀን እንዲህ ተንሳፍፎ እያለ፣ ለዓመታት ከአጥር ማዶ የሰማውን ነገር ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ግን ጓይላ ምንድነው? ማለቴ፣ ቃሉ።»

«ሁሉም ነው እኮ» አሉ ጋሽ መብራህቱ። «ዘፈኑ ጓይላ ነው። ዙሩም ጓይላ ነው። ‹የእገሌ ጓይላ መቼ ነው› ካልኩህ ሠርጉን ነው። ‹ጓይላው ተበተነ› ካልኩህ ደግሞ ሰዎቹን ነው። የናንተ ስክስታ ደስ ይላል፤ አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ያያል፣ ያጨበጭባል። ሰው ለብቻው ስክስታ ይወርዳል። ለብቻው ጓይላ የዞረ ግን እናቴም አላየች፣ እኔም አላየሁ።»

«እኔ የሚያስፈራኝ መታየቱ ነው።»

«ማን ሊያይህ? የሚያይህ ሰው እኮ ራሱ እየዞረ ነው! አንዴ ታልፈዋለህ፣ በቃ። ባለፈው ሰው ያየህ ስለቆምክ ነው።»

ፍቅሬ ይህን ሲሰማ ከደረቱ ላይ አንድ ነገር የወረደለት ያህል ተነፈሰ። ከአባቱ ቤት ጀምሮ በዓይን የተከበበ ይመስለው ነበር። ዓይኑ ሁሉ ለካ እያለፈ የሚሄድበት ቦታ በዓለም ላይ አለ!

«መግባቱስ? ክፍተት ባላገኝስ?»

«ክፍተት አትጠብቅ። ጎን ጎኑን አብረህ ሂድ፤ ይከፈትልሃል።»

ፋሲካ አለፈ፤ የፍዮሪ ሠርግ እሁድ ደረሰ። ፍቅሬ ሸሚዙን ተኩሶ፣ በበሩ ዞሮ፣ አደይ ግቢ ገባ። ጓይላው ሞቋል። የድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ሲደርስ በጀርባው ተጣበቀበት። «የቆመው ልጅ መጣ!» አለ አንዱ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ ግራጫ ሱፍ የለበሰ መልከ መልካም ሰው ተቀምጧል፤ የመቀሌው ሰው መሆን አለበት። ረጋ ብሎ ይበላል፣ ስዋውን፣ የትግራይን ጠላ፣ ይጠጣል፣ ዓይኑን አልፎ አልፎ ወደ ዙሩ ይልካል።

መርሃዊት ዙሩ ውስጥ ናት። ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በፍቅሬ ፊት አለፈች፤ ዞራም አላየችው። አልለምንህም ብላለች፤ አልለመነችውም። እንደገና ዞራ መጣች፣ እንደገና አለፈች። የዚህን ጊዜ ግን ጆሮዋ ላይ የተንጠለጠለው ወርቅ ከከበሮው ምት ውጪ ሲንቀጠቀጥ አየ። ፈርታለች። እሷም ፈርታለች!

ከምሰሶው ተላቀቀ። ወደ ዙሩ አልገባም፤ ጎን ጎኑን፣ ረገጥ፣ ጎተት፣ አብሮ ሄደ። ክፍተት አልፈለገም። ጥቂት እንደሄደ አንድ አዛውንት ሳያዩት ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ ቦታው ተከፈተ፤ ፍቅሬ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱ ራሱ ቆርጦ መናገር አይችልም። የወጥ ድስቱ አለፈ፣ የሙሽሮቹ ወንበር አለፈ፣ ግራጫው ሱፍ አለፈ፣ የገዛ ቤቱ መስኮት በአጥሩ ላይ አጮልቆ አለፈ። ለዓመታት ከዚያ መስኮት ሲሰማው የነበረው ድምፅ አሁን በጫማው ሶል በኩል ይገባል። ዓይኖች መጡ፣ አለፉ። መርሃዊት ሁልጊዜ በማዶ ናት፤ እሱ ሲሄድ ትሄዳለች፤ ዙሩ ምንም ቢዞር፣ አንድ እርምጃ እንኳ አይቀርባትም፣ አይርቃትም። እንዲህ እስከ ዘላለም ቢዞሩ ቅር የሚለው አይመስልም ነበር።

ከበሮው ደረበ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሰው ሁሉ እየዘለለ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፤ ትከሻ ለትከሻ ይገናኛል። ፍቅሬም ዞረ። ፊት ለፊቱ ያገኘው አደይ ለተብርሃንን ነው!

አደይ አዩት። ትከሻቸውን አንዴ ሰበቁ፤ ወጣት ያስንቃሉ። ፍቅሬ መለሰ። ደገሙ፤ ደገመ። ያ የተደበቀ ትከሻ በቀን ብርሃን ወጣ፤ እግሩ ግን ይሄዳል። አደይ ሳቅ አመለጣቸው።

«ትከሻስ አለህ!» አሉ እየዘለሉ። «ልጄ ስላንተ ነግራኛለች። ዛሬ ጠዋት።»

ዛሬ ጠዋት! ሳይመጣ ገና፣ ይምጣ አይምጣ ሳታውቅ!

«አደይ፣ እኔ... ሽማግሌ እልክ ነበር። ዘመድ ግን የለኝም።»

«ይሄ ሁሉ ሰው እያለ?»

ፍቅሬ ወደ መሃል ተንጠራርቶ ጮኸ። «ጋሽ መብራህቱ! ሽማግሌ ይሆኑኛል?»

«እጄ ተይዟል!» ጮኹ ጋሽ መብራህቱ፣ ምቱን ሳይስቱ። «አፌ ግን ነፃ ነው! ወደ ማን ነው የምትልከኝ?»

«ወደ እኔ ነው!» አሉ አደይ። «ግን ጓይላው ሲያበቃ። በጭፈራ መሃል ልጅ አይጠየቅም፣ ወጉ ይድረስ!»

ዙሪያው በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። አደይ ጉልበታቸውን እየደገፉ ከዙሩ ወጡና ወንበር ፈለጉ። ቦታቸው ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ መርሃዊት ማንም የማያደርገውን አደረገች፤ ከማዶ ተነጥላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሁለቱ ከበሮዎች መሃል ቀጥ ብላ ተሻግራ የእናቷ ቦታ ላይ ገባች። ጋሽ መብራህቱ ከበሯቸውን ወደ ሰማይ አንስተው አሳለፏት።

«አደይ ምን አለችህ?» አለችው፣ ትንፋሽዋ እየተቆራረጠ።

«ወጉ ይድረስ አሉኝ።»

«የመቀሌው ሰውዬስ?»

ፍቅሬ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ግራጫ ሱፍ የለበሰው ሰው ሳህኑን አስቀምጦ፣ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አንጠልጥሎ፣ እየሳቀ ወደ ዙሩ እየመጣ ነበር።

«ሊዞር ነው፤ ቦታ ልቀቂለት» አላት።